«ዘና በሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ውስጥ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ያለው ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ጭንቀት ቀንሱ፣ ዘና በሉ።» ብዙዎች «ምንም አታስቡ» የተባሉ ይመስላቸዋል። እናቴም እንደዚያ ነበር የገባት። አለማሰብማ አይቻልም፤ የተባለውም እሱ አይደለም።

ስንጨነቅ ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ስኳርም ሊጨምር ይችላል። ዘና ማለት ይህን ሆን ብሎ ማብረድ ነው።

ውጭ ዝናቡ ሲዘንብ፣ ቡናው እስኪፈላ ይሞክሩት። በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ከዚያ ረዘም አድርገው ያስወጡ። 5 ደቂቃ ይበቃል። ካዞረዎት ያቁሙ። ጡንቻን ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቆ መልቀቅም አለ፤ ከእግር ጣት እስከ ግንባር። የሚያምዎትን ቦታ ይዝለሉት።

መድኃኒትን ግን አይተካም። እባክዎ፣ ቀለል አለኝ ብለው ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ።