በረዶ ድንጋይ አይቆርጥም
የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ በረዶ ግግር ቪዲዮ ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ጥቂቱ ሊጠይቀኝ፣ አብዛኛው ሊያስተምረኝ።

ቀላል ቀላሉን ላንሳ። የበረዶ ግግር ክረምት ላይ ቆርቆሯችንን የሚደበድበው በረዶ አይደለም። ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ ተከምሮ፣ በገዛ ክብደቱ ተጠቅጥቆ የጠጠረ ነው።

«ባለበት ተገትሮ ይኖራል» የሚሉም አሉ። አይኖርም። ከክብደቱ የተነሳ ውስጥ ውስጡን እንደ ሊጥ እየተለጠጠ ይወርዳል፤ ከሥሩ ውሃ ካገኘ ደግሞ ይንሸራተታል። ሁጊ የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ኡንተራር ግግር ላይ ጎጆ ሠራ። በ1841 ጎጆዋ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ሄዳ ተገኘች። የገፋት ሰው የለም።

«ግግሩ እየሸሸ ነው» ሲባል ሽቅብ ተመለሰ ማለት አይደለም። በረዶው ሁሌም ቁልቁል ነው። ጫፉ ላይ የሚቀልጠው ከላይ ከሚመጣው ሲበልጥ ግግሩ ያጥራል፣ በቃ።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ፦ «በረዶ ድንጋይ ይቆርጣል»። አንዱ ተማሪዬ ፈተና ላይ በረዶውን ጥርስ አውጥቶለት እንደ መጋዝ ሥሎልኛል! ንጹሕ በረዶ ከአለት በጣም የለሰለሰ ነገር ነው፤ ብቻውን ብዙም አይጭረውም። እናቴ ወፍጮ ነበራት። እህሉን የሚያደቀው እጇ ነው እንዴ? መጁ ነዋ። እጇ ይገፋል፣ ክብደቷን ትጥልበታለች። ግግሩም እንደዚያው ነው፤ ሆዱ ሥር የነከሰው ድንጋይና ጠጠር መጁ፣ የሚሄድበት አለት ወፍጮው። እየፋቀው ሲያልፍ ረጃጅም ጭረት ይተዋል፤ ከሺህ ዓመታት በኋላም በየት በኩል እንደሄደ ከጭረቱ ይታወቃል። ዱቄትም አለው። ከግግር ሥር የሚወጣ ወንዝ ወተት የፈሰሰበት የሚመስለው በዚያ የድንጋይ ዱቄት ነው።

መጁ ከየት መጣ? ከገደል የተናደበት አለ። ሌላውን ራሱ ይነቅለዋል፦ የቀለጠው ውሃ አለቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንደገና በረዶ ይሆናል፣ ድንጋዩ ከግግሩ ጋር ይጣበቃል፣ ግግሩ ሲሄድ ቦጭቆት ይሄዳል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ወንዝ የቆፈረው ጠባብ ሸለቆ ወለሉ ሰፍቶ፣ ግድግዳው ቆሞ ገንዳ ይመስላል።

ጎረቤቴ ታዲያ ግቢው ውስጥ የተገኘውን ክብ ድንጋይ ሁሉ «ግግር ያመጣው» ይለኛል። የተማረ ሰው ነው፣ ግን አይሰማም። ካባ ድረስ ወሰድኩት። ድንጋይ የሚፈልጠው ልጅ ገና ሳልጠይቀው «ቲቸር፣ ይሄማ እንደ ሽንኩርት ይላጣል» ብሎ በመዶሻው ልጦ አሳየው። ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውሃ በስንጥቁ እየገባ ማዕዘኑን ሲያበሰብሰው እዚያው ባለበት ይከባል። የእኛ ተራሮች፣ እንጦጦም ወጨጫም፣ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው፤ ሸለቆዎቹን የቆፈረው ወንዝ ነው።

ግግር የረገጠው አገር ማየት ከፈለጋችሁ ባሌ ሂዱ፣ ሳነቴ። በበረዶ ዘመን ግግር ተኝቶበት ነበር። ወፍራም ጃኬት ያዙ፣ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያለውን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አይደለም የምላችሁ።