ስለ አክሲዮን ገበያ ሐዋሳ ላይ የሚወራውና እውነታው

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ላይ አክሲዮን ያለውም የሌለውም ስለዚህ ገበያ ያወራል። ከሚወራው ውስጥ ኩባንያ እንዴት እንደሚመራ የተሳሳተ ግምት የሚያሳድሩትን ልምረጥ።

«ያው ምርት ገበያ ነው»

የሲዳማ ቡና አቅራቢ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመውን ምርት ገበያ ከሐዋሳው መጋዘን ጀምሮ ያውቀዋል። እዚያ ቡናው ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይሸጣል፣ ገዢና ሻጭ ይለያያሉ። አክሲዮን የገዛ ግን የኩባንያው ባለቤት ሆኗል፤ ቦርዱ ከአምስት ዓመት በፊት የወሰነው ውሳኔ ዛሬ ኪሱ ይደርሳል።

«ገበያው ከመጣ ኩባንያ ሁሉ የሦስት ወር ትርፍ ብቻ ነው የሚያሳድደው»

ስጋቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ አሜሪካኖችም ለዓመታት ሲያማርሩበት ኖረዋል። ኤሪክ ሪስ የተባለ ሥራ ፈጣሪ ሎንግ ተርም ስቶክ ኤክስቼንጅ የተሰኘ ገበያ ያቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። ገበያው እ.ኤ.አ. በ2019 ከተቆጣጣሪው ፈቃድ አግኝቶ በ2020 ግብይት ጀመረ። የሚመዘገብ ኩባንያ ዕቅዱን በስንት ዓመት እንደሚለካ፣ የሥራ አስኪያጆቹ ክፍያ ከረጅም ጊዜ ውጤት ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ ቦርዱ ይህን እንዴት እንደሚከታተል፣ ሠራተኛውንና አካባቢውን እንዴት እንደሚይዝ ጽፎ ለሕዝብ ያወጣል። በ2021 የሶፍትዌር ኩባንያዎቹ አሳና እና ትዊሊዮ ገቡ፤ ሁለቱም ግን ከኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ሳይወጡ ነው። ብዙ ተከታይ አልመጣም። በእኔ አስተያየት ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፖሊሲው ግን የሚያነበውና «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለአክሲዮን ከሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እኛ ዘንድ ደግሞ አክሲዮኑን ዐሥር ዓመት የያዘ ሁሉ ታጋሽ አይደለም። አንዳንዱ መሸጫ አጥቶ ነው የያዘው።

«የረጅም ጊዜ ገበያ ከተባለ መሸጥ ክልክል ነው»

አይደለም። የሪስ ገበያ ላይ ግብይት ባለበት ቀን ሁሉ መሸጥ ይቻላል። ብዙ ለቆየ ተጨማሪ ድምፅ ይሰጠው የሚል ሐሳብ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ በጸደቀው ደንብ ውስጥ ግን አልገባም። ፈረንሳይ ናት በሕግ ያደረገችው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በገበያ ላይ ባለ ኩባንያ ሁለት ዓመት በስሙ አስመዝግቦ የቆየ ባለአክሲዮን፣ ጉባኤው አልፈልግም ብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ ካላስቀረው በቀር፣ ድምፁ እጥፍ ይሆናል።

«የትንሽ ባለአክሲዮን ድምፅ ምን ይፈይዳል?»

በዚህ ላይ ብራዚልን ማየት ይበጃል። በዚያ አገር ድምፅ የማይሰጡ አክሲዮኖች ስለበዙ፣ ጥቂት ድርሻ የያዘ አንድ ቤተሰብ ኩባንያውን እንዳሻው ሲነዳው ኖሯል። የሳኦ ፓውሎ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቮ ሜርካዶ የሚባል ጥብቅ መደብ ከፈተ፤ መግባት በፈቃደኝነት ነው፣ ከገቡ በኋላ ግን ደንቡ ግዴታ ነው። አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ። ዋናው ባለቤት ድርሻውን ሲሸጥ ገዢው የትንንሾቹንም በዚያው ዋጋ ለመግዛት ማቅረብ አለበት። የመጀመሪያው ኩባንያ የገባው በ2002 ነው፤ ኋላ ብዙዎች ተከተሉ።

እንዲህ ያለ ደንብ መብትን ይሰጣል፤ መብቱን መጠቀም የባለቤቱ ፋንታ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ በደረሰ ቁጥር የውክልና ወረቀት ለመጣው ሁሉ ሳያነብ የሚፈርም ሰው፣ «እነዚያ ሰዎች ከቦርዱ አይወርዱም» ብሎ ሲያማርር ድምፁን ማን ይዞት እንደሄደ ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

«ከተመዘገበ መንግሥት ዋስ ሆነ ማለት ነው»

የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው በትክክለኛ መረጃ እንድንወስን ገበያውን እንዲቆጣጠር እንጂ ኪሳራ እንዲሸፍንልን አይደለም። ጥብቅ የተባለው ኖቮ ሜርካዶም ቢሆን የብራዚላዊውን ባለሀብት የኤይኬ ባቲስታን የነዳጅ ኩባንያ ኦጂኤክስን አስገብቷል። ጉድጓዶቹ የተባለውን ያህል አላወጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ።

«ገበያው የአዲስ አበባ ሰው ነው»

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ስልክ ለያዘ የሐዋሳው አቶቴም የአዲስ አበባው ቦሌም አንድ ነው።

«የትርፍ ድርሻ አብዝቶ የከፈለ እሱ ጎበዝ ነው»

ሐዋሳ ላይ ባንኮች የሚነጻጸሩት በዚህች መቶኛ ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ከፈለ?» ይባላል። ብሔራዊ ባንክ ግን በ2013 ዓ.ም. የባንክ ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ትርፉን ሁሉ ያከፋፈለ ባንክ ካፒታሉን የሚሞላው አዲስ አክሲዮን ሸጦ ነው፤ አዲሱን ያልገዛ ነባር ባለቤት ደግሞ ድርሻው ይቀጥናል። ስለዚህ ጉባኤ ላይ ከመቶኛው ቀጥሎ ሊጠየቁ የሚገባቸው፦ ከትርፉ ምን ያህሉ ቀረ፣ ለምን ሥራ ቀረ፣ የሥራ አስኪያጁ ጉርሻስ የሚሰላው በዘንድሮ ትርፍ ብቻ ነው ወይስ የዛሬ ሦስት ዓመት የተሰጠው ብድር ተመልሶ እንደሆነም ይታያል?