የካሜራ ክለብ ምንድን ነው?

ፎቶ ማንሳት የሚወዱ፣ ግን እንጀራቸው ያልሆነ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ስቱዲዮ የሚከራዩበትና ለሞዴል የሚከፍሉበት ማኅበር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጣም ደርቶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ወይም ሱቅ የሚውል ሰው እሑድ ካሜራውን አንጠልጥሎ ይመጣል። መልክዓ ምድርም አበባም የሚያነሱ ክለቦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ግን ዋና ሥራቸው የሰው ገላ ነበር፣ ሠዓሊዎች እርቃን ሰው ፊታቸው አቁመው እንደሚለማመዱት።

ለምን ተሰብስበው? አንዱ ዋጋው ነው። ሌላው ሕጉ። እንዲህ ያለ ፎቶ በፖስታ መላክ ያስከስስ ስለነበር «ለጥበብ ነው» የሚል ክለብ ትንሽም ቢሆን ከለላ ይሆናል። ለማየት ብቻ የሚመጡም አልጠፉም፣ ካሜራቸው ውስጥ ፊልም ሳይኖር ይባላል። ከልባቸው የሚሠሩት ግን ፊልሙን ሱቅ ማሳጠብ ስለሚያስፈራ ቤታቸው በጨለማ ያጥባሉ፣ ከዚያ በቀይ አምፖል ብርሃን ነጩን የፎቶ ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ነክረው መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ቀስ እያለ ሲወጣ ይጠብቃሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከካሜራው ወዲያ ያለችው ሴት ናት። ታዋቂዋን አሜሪካዊት የፎቶ ሞዴል ቤቲ ፔጅን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1950 ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ባሕር ዳር ጄሪ ቲብስ የሚባል ፖሊስና አማተር ፎቶ አንሺ አገኛት። ግንባሯ ላይ ፀጉሯን ቆርጣ እንድታወርድ የመከራት እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ካስ ካር የሚባል የባንድ መሪ በሚያዘጋጃቸው የክለብ ቀረጻዎች ላይ መሥራት ጀመረች። አስቡት፣ ብዙ ወንድ ከቧት ቆሟል፣ ሮሌፍሌክስ የሚባለውን ካሜራ የያዘው በአንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ ስላለው ቶሎ አይጫንም፣ እሷ ደግሞ ለሁሉም በየተራ ዞራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ መቆየት አለባት። የምትለብሰውን ቢኪኒ እንኳ ብዙ ጊዜ ራሷ ነበር የምትሰፋው። ይሄ ሙያ ነው፤ ቆንጆ ስለሆነች ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

የሚከፈላት ግን በሰዓት ነበር። ነጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምበት የታጠበው ፊልም፣ ያነሳው ሰው ጋ ይቀራል። በ1957 ሥራውን ትታ ሄደች፣ በ1980ዎቹ ፎቶዎቿ እንደገና ገበያውን ሲያጥለቀልቁት ለረጅም ጊዜ ከዚያ ገንዘብ የደረሳት ነገር አልነበረም።