«ሲመጣልኝ እጽፋለሁ» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሥራዬ የልብ ወለድ አርታኢነት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ደግሞ የሚነግረኝ ነገር አያጣም። አንዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለቀ ልብ ወለድ አለው፣ የቀረው «መጻፍ ብቻ» ነው። ሌላው ሕይወቱ ራሱ መጽሐፍ ነው። ሌላዋ ድሮ ትጽፍ ነበር፣ አሁን ግን ሙዱ ጠፍቶባት እስኪመለስ እየጠበቀች ነው። ፈገግ ብዬ እሰማለሁ። ፈገግታው እያለቀብኝ ስለሆነ ግን ደራሲን ምን ያስጽፈዋል፣ ምንስ ለኅትመት ያበቃዋል በሚለው ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ላራግፋቸው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደራሲ የሚጽፈው ለገንዘብ ነው»

ለገንዘብ የሚጽፍ አለ። ለገንዘብ ብቻ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ የሚያዋጣ ሥራ ሞልቷል። ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ባወጣው «ለምን እጽፋለሁ» በሚል መጣጥፉ የኑሮን ጉዳይ ወደ ጎን አድርጎ አራት ምክንያቶችን ዘርዝሯል። መጀመሪያ ያስቀመጠው ራስ ወዳድነትን ነው፦ ጎበዝ ተብሎ መታየት፣ መነጋገሪያ መሆን፣ ከሞቱ በኋላ መታወስ። ከዚያ የውበት ፍቅር፣ የሆነውን እንደሆነ ለትውልድ ማቆየት፣ በመጨረሻም ፖለቲካዊ ዓላማ ይመጣሉ። እኔ የማውቃቸው ደራሲዎች አራቱም አሉባቸው። የመጀመሪያውን አፍ አውጥቶ የሚያምን ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

«ሐሳቤን ይሰርቁብኛል»

ማንም አይሰርቅህም። ሐሳብ በየመንገዱ አለ። ለመሰረቅ የሚበቃው ያለቀ መጽሐፍ ነው፣ እሱ ደግሞ ገና የለህም።

«ደራሲ ካልጠጣና ካልተሠቃየ አይጽፍም»

በስካር የተጻፈ ረቂቅ በሥራዬ ምክንያት አንብቤ አውቃለሁ። ጸሐፊው ራሱ በማግስቱ አላነበበውም።

«መጀመሪያ ተመስጦው መምጣት አለበት»

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሌሎቹን ስቄ አልፋቸዋለሁ። ይሄኛው ግን ጥሩ ጥሩ ልጆችን ለዓመታት ቁጭ አድርጎ ያስቀራል። እምነቱ እንዲህ ነው፦ ተመስጦ ከሆነ ቦታ ይመጣል፣ ደራሲው ይያዛል፣ ከዚያ ይጽፋል። ካልመጣ ጥፋቱ የደራሲው አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ ተብላ ሁልጊዜ የምትጠራው የ«ፍራንከንስታይን» ደራሲ ሜሪ ሼሊ ናት። ጊዜው ሰኔ 1816፣ ቦታው የጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው። ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ገጣሚው ባይረን «እያንዳንዳችን የመናፍስት ታሪክ እንጻፍ» አለ። ሜሪ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ሌሊት በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆና ፍራንከንስታይንና ፍጡሩ ታዩዋት፣ ጻፈችው፣ አለቀ። ሰው የሚያወራው እስከዚህ ድረስ ነው።

እሷ ራሷ በ1831 እትም መግቢያ ላይ የነገረችን ግን ሰፋ ያለ ነው። ከዚያ ሌሊት በፊት በየጠዋቱ «ታሪክ አገኘሽ?» ይሏታል፣ እሷም በየጠዋቱ እያፈረች «አላገኘሁም» ትላለች። ስትፈልግ ነበር ማለት ነው። ባይረንና በኋላ ባሏ የሆነው ፐርሲ ሼሊ ስለ ሕይወት ምንጭ ሲነጋገሩ፣ ሬሳ በኤሌክትሪክ ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ሲያወሩም አምሽታ ሰምታለች። ስለዚህ ባዶ ጭንቅላት ላይ የወረደ ነገር የለም። በማግስቱ የጻፈቻት ዓረፍተ ነገር እንኳ የመጽሐፉ መክፈቻ አልሆነችም። ዛሬ በብዛት በሚነበበው እትም የምትገኘው አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። የፊቱን ሁሉ ቁጭ ብላ መጻፍ ነበረባት። መጽሐፉ የወጣው በ1818 መጀመሪያ ነው። ከራእይዋ እስከዚያ ያለውን ጊዜ ግን የሚተርክልኝ ሰው አላጋጠመኝም፣ ምክንያቱም አሰልቺ ነው።

አንቶኒ ትሮሎፕን ደግሞ ማንም አይጠቅስም። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። የሚቀሰቅሰው አንድ አሮጌ ፈረስ ጠባቂ ነው፣ ለዚሁ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። እንዲህ እያለ 47 ልብ ወለድ ጻፈ። ከሞተ በኋላ በ1883 የታተመው ግለ ታሪኩ ይህን ሁሉ ያለ ኀፍረት ሲዘረዝር ብዙ አንባቢ ቅር አለው። እስኪ አስቡት፣ መጽሐፎቹ ላይ አንድ ቃል አልተለወጠም! ቅር ያሰኛቸው በሰዓት መጻፉ ነው።

ዶስቶየቭስኪስ? በ1865 ዕዳ አንቆት ከአንድ አሳታሚ ጋር የማይሆን ውል ፈርሞ ነበር። በቀኑ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው ለ9 ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ ያለ ክፍያ ያትማል። በ1866 ቀኑ ሊደርስ ሲል አና የምትባል አጭር ጽሕፈት የምታውቅ ወጣት ቀጠረና በ26 ቀን «ቁማርተኛው»ን እየተናገረ አጻፋት። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው ሆን ብሎ ከከተማ ወጥቷል። ረቂቁን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። (በዓመቱ አናን አገባት፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።)

ዕዳ ግቡ እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ተመስጦ የሚባለው ነገር አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። «በሩ ተንኳኳ» ብለህ ካልጻፍክ «ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አይመጣብህም። ጥያቄው የሚወለደው ዓረፍተ ነገሩ ወረቀት ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ገጽ የሚያስጽፈው የመጀመሪያው ገጽ ነው።

አብሬያት የሠራሁ አንዲት ነርስ አለች። ሌሊት ተረኛ ሆና ሳለ አንድ ሰው በየምሽቱ የተተኮሰ ኮት ይዞ ይመጣል። ራሱን ስቶ የተኛው አባቱ ነው። ኮቱን ወንበር ላይ ይሰቅለዋል፣ ጠዋት ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ማታ ደግሞ ተተኩሶ ይመጣል። «እዚሁ ለምን አይቆይም?» ብትለው «ይጨማደዳል» አላት። መጻፍ የጀመረችው ከዚያ ነው፣ ጀርባቸው ባዶ በሆነ አሮጌ ቅጾች ላይ። የመጀመሪያው ረቂቅ በኮቱ ይከፈታል። እየጻፈች ስትሄድ ግን ታሪኩ ሆስፒታል መምጣት እምቢ ስላለችው እህት ሆነ። የመጨረሻውን ረቂቅ ሳነብ ኮቱ የለም። «ኮቱስ?» ብላት «ቦታ አጣሁለት» አለችኝ። መጽሐፉን ያስጀመረው ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። አንባቢ ምን እንዳነሳሳት ሲጠይቃት ምን እንደምትል ግራ ይገባታል፣ አልፈርድባትም።

«ለመጻፍ ሥራ መልቀቅ ያስፈልጋል»

ካፍካ ፕራግ ውስጥ የሠራተኞች የአደጋ መድን መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበር። ቶኒ ሞሪሰን አሳታሚ ድርጅት ውስጥ አርታኢ ሆና፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን እያሳደገች፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1970 ወጣ፣ 39 ዓመቷ ነበር። ከኛም ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት ነበሩ፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ። ሥራ ለቆ ከመጻፍ ይልቅ ስለ መጻፍ ሲያወራ የከረመ ሰው ግን በቅርብ አውቃለሁ።

«ሕይወቴ ራሱ ልብ ወለድ ነው»

ሊሆን ይችላል። ግን ረቂቅ ላይ «ይህ አጋጣሚ አያሳምንም» ብዬ ስጽፍ «እውነት እኮ ነው፣ ሆኗል!» የሚል መልስ አይሠራም። አንባቢ አንተን አያውቅህም። ወረቀቱን ነው የሚያምነው ወይም የማያምነው።

«ታላላቆቹም ውድቅ ተደርገዋል፣ ስለዚህ እኔም…»

በ1797 የጄን ኦስተን አባት ስለ ልጃቸው ረቂቅ ለአንድ የለንደን አሳታሚ ጻፉ። አሳታሚው ረቂቁን ገልጦ ሳያይ በመጣበት ፖስታ አንፈልግም አለ። ያ ሥራ በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ሆኖ ወጣ። ውድቅ የተደረገ ሁሉ ይህን ይጠቅስልኛል። በመካከሉ ኦስተን ሥራውን እንደቆራረጠችው ለእህቷ በደብዳቤ መጻፏን ግን የሚጠቅስልኝ የለም። ውድቅ መደረግ ስለ ታላቅነትም ስለ መክሸፍም አይናገርም። አሳታሚው ያንን ረቂቅ በዚያን ቀን አልፈለገውም፣ በቃ።

በነገራችን ላይ በራስ ወጪ ማሳተም ውርደት ነው የሚሉም አሉ። ኦስተን በ1811 የመጀመሪያ መጽሐፏን ያሳተመችው ኪሳራውን ራሷ ልትሸከም ተስማምታ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ፕሩስትም በ1913 የኅትመቱን ወጪ ከኪሱ ከፍሏል።

«ስህተቱን አሳታሚው ያስተካክለዋል»

እዚህ ላይ እኔ ነኝ የምናደደው፣ ምክንያቱም «አሳታሚው» ማለት እኔ ነኝ። አዎ፣ አስተካክላለሁ፣ ግን የተቀበልኩትን ነው። ለመቀበል ደግሞ ማንበብ አለብኝ። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ረቂቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ነጠላ ሰረዙ የተላጨ፣ ከሦስተኛው በኋላ ግን ጸሐፊው ራሱ ደግሞ ያላየው ነው። ስለዚህ ስትጨርሱ ለተወሰነ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። አፋችሁ የተደናቀፈበት ቦታ የአንባቢም ዐይን ይደናቀፋል። መግቢያውን ቁረጡት፣ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ለእናታችሁ አታስነብቡ፣ ትወደዋለች። ከረቂቁ ጋር የምትልኩት ደብዳቤ አንድ ገጽ አይለፍ፣ ውስጡም «ዓለምን የሚቀይር ሥራ» አትበሉ፣ ታሪኩ ስለ ማን እንደሆነና ያ ሰው ምን እንደገጠመው ንገሩኝ። ከዚያ መልስ እስኪመጣ ቀጣዩን ጀምሩ።

ደግሞ እባካችሁ የገጽ ቁጥር አድርጉበት።