«ልስተካከልና ንስሐ እገባለሁ»፦ ስለ ድኅነትና ስለ ኃጢአት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል በሚያልፍ ታክሲ ውስጥ የማያማትብ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ቅጥሩን ተሳልሞ ወደ ሥራው የሚጣደፍ ወጣትም ብዙ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ያንኑ ወጣት ግን «ንስሐ ገብተህ ትቆርባለህ ወይ?» ቢሉት አንገቱን ይደፋል። የሚያቀርበው ምክንያት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችው ነው። ከእነዚህ ምክንያቶች አንዳንዶቹን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት እንያቸው።

«መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፤ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ።»

ትሕትና ስለሚመስል ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሰው በራሱ ጉልበት መስተካከል ቢችል ኖሮ ክርስቶስ ሰው ሆኖ መሰቀል ለምን አስፈለገው? ሐዋርያው ጳውሎስ ክርስቶስ የሞተልን ገና ኃጢአተኞች ሳለን እንደሆነ ይነግረናል (ሮሜ 5፥8)። ከሱሱ፣ ከዝሙቱ ወይም ከቂሙ ተላቅቄ ልምጣ የሚል ሰው የሚላቀቅበትን በር ዘግቶ ውጭ ቆሟል ማለት ነው።

«ቁርባን የሕፃንና የሽማግሌ ነው» የሚለውም የዚሁ ልጅ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። ጥቂት ዓመታት በእናታቸው እቅፍ ይቆርባሉ። ጉርምስና ሲመጣ ይርቃሉ፤ የሚመለሱት ጸጉር ሲሸብት ነው። ፈተናው በሚበረታበት ዕድሜ፣ ቤት ኪራይና ሥራ ፍለጋ፣ የጓደኛ ግፊትና የሥጋ ፍላጎት በአንድ ላይ በሚመጡበት ጊዜ፣ መድኃኒቱ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ጌታ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» (ዮሐ 6፥54) ሲል ለየትኛውም ዕድሜ ለይቶ አልተናገረም። ያላገባ ወጣት አይቆርብም የሚል ሕግም የለም። የሚጠበቅበት ንስሐ መግባት፣ የተጣላውን መታረቅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከርና ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት መጾም ነው። «ብቆርብ እንኳ መልሼ እወድቃለሁ» የሚል ካለ፣ መጽሐፍ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣልም ይላል (ምሳሌ 24፥16)።

«የዓመቱን ኃጢአት የስቅለት ዕለት እሰግድበታለሁ።»

የስቅለት ዕለት ከአራት ኪሎ ሥላሴ እስከ ልደታ ያለው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ፣ «ኪርያላይሶን» እያለ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰግዳል። ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን መታ መታ አድርገው የስግደት ቁጥር ይሰጡታል። ይህ የተቀደሰ ሥርዓት ነው፤ ሰውን ለሕማማቱ ቅርብ ያደርገዋል። ነገር ግን ለ364 ቀን የተጠራቀመ ዕዳ በአንድ ቀን ስግደት የሚዘጋበት ሒሳብ አይደለም። ቀኖና በጠቅላላው እንዲህ ነው። ካህኑ ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ሲያዝዝ የኃጢአት ዋጋ እያስከፈለ አይደለም፤ ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። የቀኖና ጥቅሙ ኃጢአትን የለመደውን ሰውነት መልሶ ወደ በጎ ማለማመድ ነው። ንስሐም በስግደት ብቻ አይወሰንም፦ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾምና ስግደት የለም፤ ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ቁርባኑ ግን እንዳለ ነው።

«ከገቢዬ አሥራት ካወጣሁ የቀረው ይታለፋል።»

ዘኬዎስ የቀራጮች (የግብር ሰብሳቢዎች) አለቃ ነበር፤ ሀብቱም ከየት እንደመጣ ኢያሪኮ ያውቃል። ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ ለምኩራብ ስጦታ አላቀረበም። ግማሽ ሀብቱን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን ደግሞ ለባለቤቱ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» የተባለው ያን ጊዜ ነው (ሉቃ 19፥9)። በቢሮ መስኮት «እጅ መንሻ» የተቀበለ፣ ሚዛን ያጎደለ፣ የወንድሙን የውርስ ቤት በሐሰት ምስክር የወሰደ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ቢሰጥ፣ ምንጣፍና ጃንጥላም ቢገዛ የተበዳዩ እንባ አይደርቅም። የሚመለስ ነገር ካለ ይመለስ፤ ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይመለስ። ከባዱ ንስሐ ይህ ይመስለኛል። ስንት ሰው ለመስገድ ፈቃደኛ ሆኖ ለመመለስ ግን እጁ ይታሰራል!

«ክፉ ሐሳብ ከመጣብኝ ገና አልዳንኩም።»

አባቶች ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ያስተምራሉ፤ በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ ማለት ነው። ሐልዮ የሚባለው ግን በር ያንኳኳው ሐሳብ ሁሉ አይደለም፤ አስገብተን ያስተናገድነው ነው። ጌታም ገዳመ ቆሮንቶስ በሚባለው ምድረ በዳ በዲያብሎስ ተፈትኗል፤ ያለ ኃጢአት። ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ (ገንዘብን በመጥላት) ድል ያደረገው እኛም በዚያው መንገድ እንድንዋጋ ነው።

ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ነበር። መንኩሶም የዝሙት ጦር አልተወውም። እጅግ ሲበረታበት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ወደ በዓቱ (ወደሚጸልይባት ማደሪያው) እንዲመለስ ቢመክረው «አልችልም» አለ። ሽማግሌው ሰገነት ላይ አወጣውና ወደ ምዕራብ ተመልከት አለው፤ ለጦርነት የተሰለፉ አጋንንትን አየ። ወደ ምሥራቅም ተመልከት አለው፤ ቁጥር የሌላቸው መላእክትን አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ ብሎም አጽናናው። ሙሴ በዚያ ቀን ከፈተና አልተገላገለም፤ ለመዋጋት ግን ወደ በዓቱ ተመለሰ። የምትታገል ነፍስ በሕይወት ያለች ነፍስ ናት።

«በእምነት ብቻ» ወይስ «በሥራዬ»?

አስፋልት ላይ «ድነሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ኦርቶዶክሳዊ መልስ ሲያጣ አያለሁ። ድኅነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ማንም በሥራው አልገዛውም (ኤፌ 2፥8-9)። ያው ሐዋርያ በሚቀጥለው ቁጥር መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደተፈጠርን ይጽፋል፤ ያዕቆብም ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ይላል (2፥26)። በጥምቀት የተጀመረው ድኅነት እስከ መጨረሻው እስትንፋስ የምንኖረው ሕይወት ነው። ቁጥሮቹን ሳይነጣጥሉ ማንበብ ይበቃል።

«ካህኑም እንደ እኔ ሰው ነው፤ ለምን እነግረዋለሁ?»

ሰው መሆኑ እውነት ነው። ስለዚህም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል እንጂ በራሱ ስም አይፈታም። ሥልጣኑን ለሐዋርያት የሰጠው ክርስቶስ ነው (ዮሐ 20፥23)። የሰማውንም ለማንም አያወራም።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከዙሪያው የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል፤ የንስሐ አባታቸው ግን እዚሁ ቀርተዋል። «አባቴን አጣሁ» ብሎ ንስሐውንም መተው ግን አይገባም። የቀድሞውን አባት በስልክም ቢሆን አግኝቶ፣ ተመርቆና ተሰናብቶ፣ በአዲሱ አጥቢያ ሌላ አባት መያዝ ይቻላል። ከነጭራሹ የንስሐ አባት የሌለው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያው ካሉት ካህናት አንዱን «አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ ያድርጉኝ» ቢል ይበቃዋል።