ሂት ሾክ ፕሮቲኖች፦ ሴል ሲጨነቅ የሚደርሱለት ፕሮቲኖች፣ እርጅናና የአንጎል በሽታዎች

ሂት ሾክ ፕሮቲን የሚባሉት ሴል ሲጨናነቅ፣ ማለትም ሙቀት ሲበዛበት፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይ መርዛማ ነገር ሲገባበት፣ በብዛት የሚያመርታቸው መከላከያ ፕሮቲኖች ናቸው። ከባክቴሪያ እስከ ጤፍ እስከ ሰው ድረስ የሌለው ፍጥረት የለም ማለት ይቻላል። ስማቸው ከሙቀት ጋር ይያያዝ እንጂ ሙቀት በሌለበት ቀንም ስራ አይፈቱም፣ አሁን አሁን ደሞ አልዛይመርና ፓርኪንሰን በተነሱ ቁጥር አብረው ይነሳሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮቲን ሲሰራ ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ከዛ ተጣጥፎ የራሱን ቅርፅ ሲይዝ ነው ስራ የሚጀምረው። ቅርፁ ከተበላሸ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ውሃ የማይወደው ክፍሉ ወደ ውጪ ይወጣና ያገኘው ፕሮቲን ላይ ሁሉ ይለጠፋል። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲነጣ የምናየው ይሄንኑ ነው፣ ፕሮቲኑ ተፈታ፣ እርስ በርሱ ተያያዘ፣ በቃ ወደ ድሮው አይመለስም። ሂት ሾክ ፕሮቲኖች የተጋለጠውን ክፍል ቀድመው ይይዙና ፕሮቲኑ እንደገና እንዲታጠፍ እድል ይሰጡታል፣ አልሆን ካለ ደሞ ተቆራርጦ እንዲወገድ ያስረክቡታል።

የተገኙት በአጋጣሚ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የዝንብ ምራቅ እጢ ክሮሞሶም እያጠና ሳለ አንድ የላቦራቶሪ ባልደረባው ሳያስበው የኢንኩቤተሩን ሙቀት ከፍ አድርጎበት ኖሮ ክሮሞሶሙ ላይ አዳዲስ እብጠቶች አየ፣ እብጠት ማለት እዛ ቦታ ያለው ጂን ተነስቶ እየሰራ ነው ማለት ነው። በ1962 አሳተመው፣ ግን ያኔ ከቁም ነገር የቆጠረው ብዙም አልነበረም። ፕሮቲኖቹ ራሳቸው የታዩት ከ12 ዓመት በኋላ በ1974 በአልፍሬድ ቲሴርና በባልደረቦቹ ስራ ነው።

የሚጠሩት በክብደታቸው ነው፣ ኤችኤስፒ የሂት ሾክ ፕሮቲን ምህፃር ነው፣ ኤችኤስፒ 70 ማለት 70 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ የሚመዝን ማለት ነው። 40ው የተበላሸውን ፕሮቲን ለ70ው ያቀብላል፣ 60ው በርሜል ቅርፅ አለውና ፕሮቲኑን ውስጡ አስገብቶ ለብቻው እንዲታጠፍ ያደርገዋል (ኡልሪክ ሃርትልና አርተር ሆርዊች በ2011 የላስከር ሽልማት የወሰዱት በዚህ መስክ ስራቸው ነው)፣ 90ው ደሞ የሆርሞን መቀበያዎችንና መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን ይንከባከባል። ትናንሾቹ እንደነ ኤችኤስፒ 27 ያሉት ኃይል ሳይጠቀሙ ይዞ ማቆየት ብቻ ነው ስራቸው። የነዚህ ፕሮቲኖች ጂኖች ማብሪያ ማጥፊያ ኤችኤስኤፍ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። በሰላሙ ጊዜ ኤችኤስፒ 70 እና 90 ራሳቸው ይዘው ያስቀምጡታል፣ የተበላሸ ፕሮቲን ሲበዛ እነሱ ወደዛ ሲሮጡ እሱ ይለቀቃል፣ ሶስት ሶስት ሆኖ ይጣመርና ጂኖቹን በደቂቃዎች ውስጥ ያስነሳል።

ይሄ ነገር ከእድሜ ጋር እንዴት እንደሚበላሽ በደንብ የሚታየው አንጎል ላይ ሳይሆን ዓይን ላይ ነው። የሌንስ ሴሎች ሲበስሉ ኒውክለሳቸውን ስለሚጥሉ ከዛ በኋላ አዲስ ፕሮቲን መስራት አይችሉም፣ በሌንሱ መሃል ያለው ፕሮቲን ሳንወለድ በፊት የተሰራ ነው፣ 70 ዓመት ከኖርን እሱም 70 ዓመት ይቆያል። ከሌንሱ ፕሮቲን አንድ ሶስተኛ ገደማ የሚሆነው አልፋ ክሪስታሊን ነው፣ ብርሃን ከማሳለፍ ውጪ ሌላ ስራ ያለው አይመስልም ነበር፣ በ1992 ጆሴፍ ሆርዊትዝ ከትናንሾቹ ሂት ሾክ ፕሮቲኖች አንዱ ሆኖ ሌሎቹን እንዳይጓጉሉ እንደሚይዝ አሳየ። የተሰጠው መጠን ግን የማይተካ ነው። ፀሐዩ፣ ሲጋራው፣ ስኳር በሽታው ፕሮቲኖቹን እያበላሸ አልፋ ክሪስታሊኑ አንድ በአንድ ሲያዝ ነፃ የሆነው ያልቃል፣ የጓጎለው ፕሮቲን (ጉጉሉ) ብርሃን ይበትናል፣ የዓይን ሞራ ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋናው የዓይነ ስውርነት መንስኤ ይሄው ነው፣ መፍትሄውም ሌንሱን አውጥቶ በሰው ሰራሽ መቀየር ነው፣ ሞራ የሚያጠፋ ጠብታ አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እለፉት።

አንጎል ላይ አውጥቶ መቀየር የለም። በአልዛይመር አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ከሴል ውጪ፣ ታው የሚባለው ደሞ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ በፓርኪንሰን አልፋ ሲኑክሊን፣ በሃንቲንግተን ሃንቲንግቲን፣ በኤኤልኤስ (ጡንቻ የሚያዙ ነርቮችን የሚገድል በሽታ) በአብዛኛው ቲዲፒ 43። ነርቭ ሴል ስለማይከፋፈል ቆሻሻውን ለልጆቹ አካፍሎ ማቅለል አይችልም፣ ሰውየው የኖረውን ያህል ይኖራል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፣ እነዚሁ ሴሎች የሂት ሾክ ምላሻቸው ከሌላው ሴል ደካማ ነው፣ በተለይ በኤኤልኤስ የሚሞቱት ሞተር ነርቮች ምላሻቸው በቀላሉ አይነሳም። በጣም የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው የሚያንሰው።

በእርጅና ላይ ያለው ማስረጃ በብዛት የመጣው ከ1 ሚሊሜትር ትል ነው፣ ሲ ኤለጋንስ ይባላል፣ እድሜው 2 ወይ 3 ሳምንት ነው። በ2003 የሲንቲያ ኬንየን ላቦራቶሪ ኤችኤስኤፍ 1ን ሲጨምርለት እድሜው በ40 በመቶ ገደማ ረዘመ። በ2015 ደሞ የሪቻርድ ሞሪሞቶ ላቦራቶሪ የትሉ ምላሽ ቀስ እያለ እንደማይደክም አሳየ፣ መራባት በሚጀምርበት ሰዓት አካባቢ በድንገት ነው የሚወርደው፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ማለት ነው። ነርቩን የሚጎዳ የተበላሸ ፕሮቲን እንዲያመርት በተደረገ ዝንብ ላይ በ1999 የናንሲ ቦኒኒ ቡድን የሰው ኤችኤስፒ 70 ሲጨምርበት የነርቭ ጉዳቱ ቀነሰ፣ ጉጉሎቹ ግን በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እዛው ናቸው! ስለዚህ ጉጉል ማጥፋትና ሴል ማዳን አንድ ላይሆን ይችላል፣ የአልዛይመር መድሃኒት ሲወራ ይሄ ቢታሰብ ጥሩ ነው።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን አንጨምረውም? ካንሰርም ይወዳቸዋላ። በ2007 የሱዛን ሊንድክዊስት ቡድን ኤችኤስኤፍ 1 የሌላቸው አይጦች ዕጢ በቀላሉ እንደማይዛቸው አሳየ፣ የካንሰር ሴል በተጣመመ ፕሮቲን የተሞላ ስለሆነ ያለነሱ አይቆምም። ኤችኤስፒ 90 ደሞ አንዳንዴ የተበላሸውን ታው እንዳይወገድ ይዞ ያቆየዋል። ኤችኤስፒ 90ን የሚያግደው ጌልዳናማይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ኤችኤስኤፍ 1ን ቢያስነሳም ጉበት ስለሚጎዳ ለሰው አልሆነም። ምላሹን ያጠናክራል የተባለው አሪሞክሎሞል የሚባል መድሃኒት በ2021 ለኤኤልኤስ ሲሞከር አልሰራም፣ በ2024 ግን ኒማን ፒክ ሲ ለሚባል ብርቅ የዘር በሽታ ሚግሉስታት ከሚባል ሌላ መድሃኒት ጋር እንዲወሰድ አሜሪካ ፈቀደች።

ሙቀት እነዚህን ፕሮቲኖች ያስነሳልና ሳውና አንጎልን ይረዳል የሚለው ወሬ ደሞ መነሻው ፊንላንድ ነው። በ2017 የወጣው ጥናት 2,315 ወንዶችን 20 ዓመት ገደማ ተከታትሎ በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ የሚገቡት አንዴ ብቻ ከሚገቡት ይልቅ በዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) የመያዝ እድላቸው በ66 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ግን ጥናቱ ምልከታ ብቻ ነው፣ በሳምንት 7 ቀን ሙቀት ውስጥ መቀመጥ የሚችል ሰው ከመጀመሪያውም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ ማንም የሰዎቹን አንጎል ከፍቶ ኤችኤስፒ 70 አልለካም፣ ሴቶችም አልተካተቱም።