የቤዝቦል ተመልካች ጓንት ምንድን ነው?

የተመልካች ጓንት የሚባለው ቤዝቦል ለማየት የገባ ሰው ከሜዳ ወደ መቀመጫው የሚመጣውን ኳስ ለመቅለብ ወይም ከራሱ ለመመለስ እጁ ላይ የሚያጠልቀው ወፍራም ጓንት ነው። አብዛኛው ሰው ለዚህ ብሎ የተለየ ዕቃ አይገዛም፤ ልጁ የሚጫወትበትን ወይም ራሱ በወጣትነቱ ይጫወትበት የነበረውን የቆዳ ጓንት ከቤት ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ጓንቱን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጨዋታ የሚከታተል ሽማግሌ ማየት የተለመደ ነው።

በእግር ኳስ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ይላል። ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ ሰው ጓንት ምን ያደርግለታል? መልሱ ያለው ጨዋታው ውስጥ ነው። መቺው በዱላ የመታው ኳስ ከሁለቱ የሜዳ መስመሮች ውጭ ሲወጣ «ፋውል» ይባላል፤ በአንድ ጨዋታ እንዲህ ያለው ኳስ ደጋግሞ ሕዝቡ መሃል ይገባል። የገባው ኳስ ደግሞ የቀለበው ሰው ንብረት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1921 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ በነበረው ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም አንድ ተመልካች እጁ የገባውን ኳስ ለሠራተኞቹ አልመልስም በማለቱ አስወጡት፤ እሱም ክለቡን ከስሶ 100 ዶላር ተፈረደለት። ዛሬ ልጆች ጓንት ይዘው የሚመጡት ያንን ኳስ ቤታቸው ይዘው ለመግባት ነው።

ኳሱን በእጁ ያልያዘ ሰው አደጋውን አቅልሎ ያያል። ክብደቱ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ዙሪያው 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ቡሽና ጎማ አለ፤ በላዩ ክር በኃይል ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ የላም ቆዳ ይለብስና በ108 ጥንድ ስፌት ይሰፋል። ተጭኖ የሚሰምጥ ነገር የለውም። በደንብ የተመታ ፋውል በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ኳስ 30 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ 0.7 ሰከንድ ይበቃዋል። ስልኩን ሲያይ የነበረ ሰው ቀና እስኪል ኳሱ ደርሷል።

ታዲያ ጓንቱ ምን ይሠራል? ሰው ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቁልፍ ሲወረውርልን እጃችንን ወደ ታች እየሳብን ነው የምንቀልበው፤ እጃችንን ገትረን ብንጠብቀው ያመናል። የጓንቱም ሥራ ይኸው ነው፦ ኳሱ በአንድ ጊዜ እንዳይቆም ያደርገዋል። ባዶ መዳፍ ላይ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚቆም ኳስ፣ ጓንቱ ሲሰምጥና ክንድ ሲያፈገፍግ በአሥር ሳንቲ ሜትር ቢቆም፣ እጅ የሚያርፍበት አማካይ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከዚህም ሌላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል በቆዳ ጠፍር የተጎነጎነ መረብ አለው። ጥሩ ቀላቢ ኳሱን የሚያሳርፈው እዚያ ነው እንጂ መዳፉ ላይ አይደለም። ይህን የመረብ አሠራር ያመጣው ቢል ዶክ የተባለ ተጫዋች ሲሆን፣ ሮውሊንግስ የተባለው ኩባንያ በ1920 ገደማ ለገበያ አቅርቦታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ጓንቶች ጣት ከመሸፈን ብዙም ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጓንቱ የሚጠለቀው በማይወረውሩበት እጅ ነው። ቀኝ ከሆናችሁ በግራ እጃችሁ ማለት ነው። አዲስ ጓንት ደረቅ ስለሆነ ኳስ እያሳረፉ ካላለሰለሱት አይታጠፍም፤ የማይታጠፍ ጓንት ደግሞ ኳሱን አንጥሮ ጎረቤት ላይ ይጥለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እንዲታወቅልኝ የምፈልገው፣ ጓንት የሚጠብቀው የሚያይን ሰው እጅ ብቻ መሆኑን ነው። ፊትን አይጠብቅም፤ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃንን አይጠብቅም። በ2017 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር የነበረ ፋውል አንዲት ሕፃን ፊቷን መታት። በ2018 ሎስ አንጀለስ ዶጀር ስታዲየም አንዲት የ79 ዓመት እናት ተመልካቹን ከኳስ ለመከላከል በመቀመጫዎቹ ፊት ከተዘረጋው መረብ በላይ አልፎ በመጣ ኳስ ተመትተው ከቀናት በኋላ አረፉ። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው በኋላ ነው የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ሠላሳ ክለቦች በሙሉ ይህን መረብ ደረጃ በደረጃ ያራዘሙት። ሕጉ ግን ለረጅም ዘመን ለተመልካቹ አላዘነም። ከ1913 የሚዙሪ ፍርድ ጀምሮ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ክለቡ የተወሰነ ቦታ ከከለለ፣ ያልተከለለ ቦታ መርጦ የተቀመጠ ሰው አደጋውን አውቆ እንደገባ ይቆጥሩት ነበር። እኔ ይህን ፍትሕ ብዬ አልቀበለውም። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ምኑን አውቆ ገባ ይባላል?

ጃፓን ውስጥ ይህ ጥያቄ መልስ አግኝቷል። በ2010 ሳፖሮ ዶም በተባለው ስታዲየም ልጆቿን ይዛ የገባች ሴት በፋውል ኳስ አንድ ዓይኗን አጣች። ልጆቹን የጋበዘው ክለቡ ነበር። የሳፖሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 ክለቡ ካሳ እንዲከፍል ሲወስን፣ ቤዝቦል የማያውቁ ቤተሰቦችን እስከ ጋበዘ ድረስ ልዩ ጥንቃቄ ይጠበቅበት እንደነበር ገልጿል። በዚያ አገር ኳስ ወደ ሕዝቡ ሲበር አስተናጋጆች ፊሽካ ይነፋሉ። ቶኪዮ ዶም ውስጥ ደግሞ ሜዳው አፍ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ሄልሜትና ጓንት በውሰት ይሰጣል፤ ጓንቱ ትኬቱ ውስጥ ተካቷል ማለት ይቻላል።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የከተማዋ ቤዝቦል ስታዲየም ወደሆነው ናሽናልስ ፓርክ ስትሄዱ እባካችሁ ከጓንቱ በፊት መቀመጫውን ምረጡ። ሕፃን ያለው ሰው ከመረብ ኋላ ይቀመጥ። ጓንት የያዘው ትልቁ ልጅም ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ክንዱን ካነሳበት ጊዜ ጀምሮ ዓይኑን ከመቺው እንዳይነቅል ንገሩት፤ ምግብ የሚበላው ሁለቱ ቡድኖች የመምታት ተራ ሲለዋወጡ ባለው ፋታ ነው።

ጓንት ያጠለቀ ልጅ ማወቅ ያለበት ሌላም ደንብ አለ፤ እጁን ከአጥሩ አሻግሮ ወደ ሜዳ መዘርጋት የለበትም። በ1996 አንድ የ12 ዓመት ልጅ በያንኪ ስታዲየም ከአጥሩ በላይ ጓንቱን ዘርግቶ የያንኪስ ክለብ ተጫዋች ዴሪክ ጂተር የመታውን ኳስ ነክቶት፣ ዳኛው ሆምራን (አጥሩን ተሻግሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ብሎ አጸደቀው፤ ያንኪስም 5 ለ 4 አሸነፉ። ዳኛው ቪዲዮውን ካየ በኋላ የተመልካች ጣልቃ ገብነት እንደነበር አምኗል። በደንቡ መሠረት እንዲህ ሲሆን ኳሱ ይሞታል (ጨዋታው እዚያው ይቆማል)፣ ውጤቱን ዳኛው ይወስናል፣ ተመልካቹም ሊባረር ይችላል። አጥሩን አልፎ ሕዝቡ መሃል የገባ ኳስ ግን የሁሉም ነው፤ ተጫዋቹ እጁን ወደ መቀመጫዎቹ ቢሰድም ልጁ ሊሻማው ይፈቀድለታል።